ዱላውን አስቀምጡ፤ ቡችላው የጠገበ ሳይሆን የፈራ ነው

  

ዛሬ ስለ ማዳበሪያም ስለ ምርጥ ዘርም አልጽፍም። ስለ ቡችላ ነው የምጽፈው። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ ልጅ ሥራ ፈታ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። በሉ፣ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ነገሩ ልጆቻችሁንና በጎቻችሁን ይመለከታል።

በየመንደሩ ስዞር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ለጥበቃ ይሆናል ተብሎ ቡችላ ይመጣል። ገና ወር ተኩል ወይም ሁለት ወር ቢሆነው ነው። ጅብ እንዳይበላው ማታ ቤት ውስጥ ያድራል። ጠዋት በር ሲከፈት «ውጣ!» ይባላል፣ አይወጣም። ደፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ይንቀጠቀጣል። በእግር ገፋ ሲያደርጉት ዞሮ ይገባል። ትንሽ ቆይቶ መደቡ ሥር ወይም ጎተራው አጠገብ ቤቱን ያቆሽሻል። ከዚያ ዱላ ይነሳል። አንገቱን ይዘው አፍንጫውን ካቆሸሸው ላይ ያሹታል። ይሄም ካልሠራ በኬሻ ተከቶ ከወንዝ ማዶ ወይም ገበያ መንገድ ላይ ይጣላል። ጥፋቱ ምንድን ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ «ጠግቧል። ሆን ብሎ ነው።»

እኔ ደግሞ እላለሁ፤ አልጠገበም። ፈርቷል። ፍርሃቱን ያባባስነው እኛ ነን። የዚህ ፍርሃት ዋጋ ደግሞ ቡችላው ብቻ የሚከፍለው አይደለም።

ለምን ይፈራል?

እስቲ በእሱ ቁመት ሆናችሁ ደጁን እዩት። ከእናቱና ከወንድሞቹ ከተለየ ገና ቀናት ናቸው። ውጭ ጫጩት የያዘች ዶሮ ትወረውርበታለች። የጎረቤት ትልቅ ውሻ በአጥሩ ቀዳዳ ያጉረመርምበታል። እረኛ ልጆች ድንጋይ ይወረውሩበታል። ሌሊት ጅብ ያለፈበትን መንገድ እኛ ባናውቅ እሱ ያሸተዋል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ጭቃውና ዝናቡ ሆዱን ይነካዋል፣ ምክንያቱም እግሩ አጭር ነው። በዚህ ሁሉ ላይ በእርግጫ ወርውረን በሩን ስንዘጋበት «ደጅ» ማለት ለሱ የሚጣሉበት ቦታ ይሆናል። ታዲያ በሩ ሲከፈት ለምን በደስታ ይወጣል?

ውሻ በተፈጥሮው የተኛበትን ማቆሸሽ አይወድም። ቡችላ እስከ 3 ሳምንት ገደማ እናቱ እየላሰች ታጸዳዋለች። እግሩ ሲጠና ራሱ ከመኝታው ፈቀቅ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል። 2 ወር አካባቢ ሲሆነው ደግሞ እግሩ የለመደውን ነገር ይመርጣል። ጭድ ላይ ያደገ ጭድ ይፈልጋል፣ አፈር ላይ ያደገ አፈር ይፈልጋል። የቤታችን ወለል ደግሞ ምንድን ነው? አፈር ነው። በእበት የተለቀለቀ አፈር። እሱ ከደጁ አፈር በምን ይለየዋል? ካላሳየነው አያውቅም።

የሽንት ፊኛውም ትንሽ ናት። ብዙ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ግምት አለ፤ ቡችላው በወር ስንት ዓመት... አይደለም፣ ስንት ወሩ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ መታገስ የሚችለው በሰዓት ያንኑ ያህል ወይም ትንሽ አለፍ ቢል ነው። የ2 ወር ቡችላ 2 ሰዓት፣ ቢበዛ 3። እኛ ግን ከምሽቱ እስከ ንጋት በር ዘግተንበት ጠዋት ወለሉ ረጠበ ብለን እንመታዋለን። ይሄ ፍርድ ነው እንዴ?

ዱላ ምን ያስተምረዋል?

«ጥፋቱን ያውቃል፣ ስገባ አንገቱን ይደፋል» የሚል ብዙ ሰው አለ። አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ጥናት 14 ውሾችን ይዛ ይሄንኑ ፈትናዋለች። አትብላ የተባለውን የበላም ያልበላም ውሻ፣ ባለቤቱ ሲቆጣው ያው አንገት መድፋት ታየበት። እንዲያውም ምንም ሳያጠፋ የተቆጡት ውሻ ይበልጥ ጎልቶ ታየበት። ስለዚህ አንገት የሚደፋው ጥፋቱን አውቆ ሳይሆን ፊታችንን አይቶ ነው።

ውሻ ቅጣትንም ሽልማትንም የሚያገናኘው በዚያችው ቅጽበት ከሚያደርገው ነገር ጋር ነው። ከእርሻ ተመልሳችሁ ማታ ብትመቱት፣ ጠዋት ካደረገው ጋር አያገናኘውም። እጁ ላይ ደርሳችሁ ብትመቱት ደግሞ «ቤት ውስጥ አይሸናም» የሚለውን አይማርም። የሚማረው «ሰው እያየ አይሸናም» የሚለውን ነው። ከዚያ በኋላ ደጅ ብታወጡትም አጠገባችሁ አይጸዳዳም። ይታገስና ተመልሶ ገብቶ፣ እናንተ በማታዩት ቦታ፣ ከጎተራው ኋላ ወይም ከአልጋው ሥር ያደርጋል። ተደብቆ እንዲያደርግ ያስተማረው ዱላው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ። በየቤቱ ቡችላውን የሚመታው ማን ነው? ብዙ ጊዜ አባወራው ወይም ወንዱ ልጅ። ወለሉን የሚፍቀውና የሚለቀልቀው ማን ነው? እናት ወይም ሴቷ ልጅ። የሚመታው እጅና የሚያጸዳው እጅ አንድ ቢሆን ኖሮ፣ ዱላው እንደማይሠራ ድሮ በታወቀ ነበር።

ነገሩ የንጽሕና ብቻ አይደለም

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው መጸዳጃ ቤት አስቆፍረውናል። «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ» የሚል ሰሌዳ የተተከለበት ቀበሌም አለ። ጥሩ ሥራ ነው። ግን ሰው ጉድጓድ ተቆፍሮለት፣ ቡችላው ሕፃን በሚድህበት ወለል ላይ ከተጸዳዳ ምኑን ነፃ ወጣን?

አንደኛ፣ የውሻ ወስፋት። ቡችላ ይሄን ትል ገና በእናቱ ሆድ እያለ፣ ከተወለደ በኋላም በወተቷ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ «ገና ሕፃን ነው፣ ምን በሽታ አለው» አይባልም። እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ከሳምንታት በኋላ አፈር ውስጥ ለመያዝ ይደርሳል። ከዚያ ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። አፈር የነካ እጁን አፉ የሚከት ሕፃን እንቁላሉን ይውጠዋል። ትሉ በሰው አካል ውስጥ ሲዞር ጉበትን ይጎዳል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ማየትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። ዛሬ ያቆሸሸውን ዛሬውኑ ማንሳት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው፤ እንቁላሉ ሳይደርስ ይወገዳል።

ሁለተኛ፣ በጎቻችሁ። አዙሪትን የማያውቅ የደጋ አርሶ አደር የለም። በጓ ጭንቅላቷን አዘንብላ ትዞራለች፣ ዓይኗ ይጠፋል፣ በመጨረሻ ትሞታለች። ስትታረድ አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። ያ ከረጢት የውሻ ኮሶ ልጅ ነው። ያንን ጭንቅላት ጥሬውን ለውሻ ስንጥልለት ኮሶው በውሻው አንጀት ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ሣር ላይ ይወርዳል፣ ሌላዋ በግ ትግጠዋለች። ምስኪኗ በግ ግጦሽ ላይ ያገኘችው በሽታ ከእኛው ቤት ነው የወጣው።

ሦስተኛ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ሌላ የውሻ ኮሶ አለ። ውሻው የሚይዘው በፋሲካም ሆነ በአረፋ፣ በቅርጫም ሆነ በሰርግ ውሃ የቋጠረ ሳምባና ጉበት ሲጣልለት ነው። እንቁላሉ ወደ ሰው ከገባ በሰው ጉበትና ሳምባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ለዓመታት ሳይታወቅ ያድግና ሰውየው ለቀዶ ሕክምና ይዳረጋል።

ቡችላ አሁን የሚለምደው ቦታ አድጎም የሚሄድበት ነው። ዛሬ ከጎተራው ኋላ የለመደ፣ ነገ ኮሶ ያለበት ትልቅ ውሻ ሆኖም እዚያው ይሄዳል።

«ካስቸገረ ይጣላ» ለሚሉ

በእኛ ቋንቋ ጠያቂ ያጣ ሞት «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለት ነው። የተጣለ ቡችላ ግን ጠያቂ አለው። አንዳንዱ ጅብ ይበላዋል። የተረፈው ቄራና ቆሻሻ መጣያ ላይ ያድጋል፣ ማንም አያስከትበውም፣ ከሌሎች ባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይነካከሳል። በዓለም ላይ በእብድ ውሻ በሽታ ከሚያዙት ሰዎች 99 በመቶው በሽታው የሚደርሳቸው ከውሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ዛሬ ወለል አበላሸ ብላችሁ ከወንዝ ማዶ የጣላችሁት ቡችላ፣ በዓመቱ ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጃችሁን መንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል።

የምሰማቸው ሰበቦች

«አባቶቻችን በዱላ ነው ያሳደጉት።» እሺ። ግን ወይፈን እርሻ የምታለማምዱት እንዴት ነው? ከለመደ በሬ ጋር ጠምዳችሁ፣ መጀመሪያ በልስልስ መሬት፣ ለአጭር ጊዜ፣ ቀስ እያላችሁ አይደለም? ገና በመጀመሪያው ቀን ዳገት ላይ ጠምዶ በጅራፍ የሚገርፈው ሰው ወይፈኑን ያበላሻል፣ መንደሩም ይስቅበታል። ለወይፈን የምታውቁትን ትዕግሥት ለቡችላ መንፈግ ለምን አስፈለገ?

«ለውሻ ይሄን ሁሉ ጊዜ? ሥራ የለንም እንዴ?» እናስላው። በቀን 8 ጊዜ፣ በያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብታወጡት 40 ደቂቃ ነው። 4 ሰው ባለበት ቤት ለያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይደርሰዋል። ከአንዲት አዙሪት ከያዛት በግ፣ ወይም ሕፃን ይዞ ሆስፒታል ከመመላለስ የቱ ይረዝማል?

«ውሻ ቤት አይገባም።» የእምነታችሁና የቤታችሁ ጉዳይ ነው፣ አልከራከርም። ግን እንግዲያው ደጅ ጅብ የማይደርስበት፣ ደረቅ፣ በሩ የሚዘጋ ጎጆ ሥሩለት። ከጎጆው ውጭ ሌላ መጸዳጃ ጥግ ያስፈልገዋል። ከታች የምነግራችሁ ለዚያም ይሠራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. አንድ ጥግ ምረጡ። አጥር ውስጥ፣ ከበሩ ብዙ ያልራቀ፣ ከውሃ ጉድጓድ፣ ከጎመን መደብ፣ ከድርቆሽና ከልጆች መጫወቻ ግን የራቀ። ከሚተኛበት ጭድ ትንሽ፣ ሽንቱ ካረፈበት አፈርም ጭብጥ አርጋችሁ እዚያ ጣሉ። ሽታው «ቦታህ ይሄ ነው» ይለዋል።

2. ሰዓቱን እወቁ። ከእንቅልፍ እንደነቃ፣ ከበላ በኋላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ፣ ከተጫወተ በኋላ፣ ከመተኛቱ በፊት። መሬት እያሸተተ መዞር ከጀመረ ደርሶበታልና ፈጠን በሉ። የሚበላበት ሰዓት የታወቀ ከሆነ የሚወጣበትም ይታወቃል።

3. አትግፉት፣ ይዛችሁት ውጡ። ታቅፋችሁ ጥጉ ላይ አስቀምጡትና ዝም ብላችሁ አጠገቡ ቁሙ። አታጫውቱት፣ አትጩኹበት። 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካላደረገ መልሱት፣ ዓይናችሁ ሥር አቆዩትና ከ10 ወይም 15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ሞክሩ። ሌሊትም አንድ ጊዜ ያስፈልገዋል። የስልካችሁን መብራት አብሩና አብራችሁት ውጡ። ለብቻው ጨለማ ውስጥ አትልቀቁት፣ ጅቡን መፍራቱ ልክ ነው።

4. እዚያው ሸልሙት። እንደጨረሰ ወዲያው፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ወጥ ያልነካው ቁራሽ እንጀራ ስጡትና በለሰለሰ ድምፅ አመስግኑት። ወጥ ያልኩት ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ስለሆነ ነው። ቤት ከገባችሁ በኋላ ብትሰጡት ግን የተሸለመው ቤት በመግባቱ ይመስለዋል።

5. ደፉን አልፎ የማይወጣውን በገመድ አትጎትቱት። ምግቡን ዛሬ ደፉ ላይ አድርጉለት። ነገ አንድ እርምጃ ውጭ። ከነገ ወዲያ ሁለት። ከፈራ አንድ እርምጃ ተመለሱ። ጫጩት ያላትን ዶሮ ለጊዜው ከልሉ፣ ልጆቹን ድንጋይ አስጥሏቸው። በቤቱ ረጋ ያለ ትልቅ ውሻ ካለ አብሮት ይውጣ። ከለመደው በሬ ጋር መጥመድ ማለት ይሄ ነው።

6. ለክረምቱ መጠለያ አበጁ። ከጣራው ክፈፍ ሥር ወይም በሁለት እንጨት ላይ ላስቲክ ወጥራችሁ ደረቅ ጭድ አንጥፉ። ሰው እንኳ ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቅ የለም እንዴ?

7. ወለሉን በደንብ አጽዱ። የአፈር ወለል ሽንት ይመጣል፣ ላዩን ብቻ ብትጠርጉት ሽታው ይቀራል። እኛ ባይሸተንም እሱን ይሸተዋል፣ ተመልሶም እዚያው ያደርጋል። የረጠበውን አፈር ፍቃችሁ አውጡና ጣሉ፣ ደረቅ አፈርና አመድ ሙሉበት፣ ከዚያ ለቅልቁት።

8. ቤት ውስጥ ሲያደርግ ካገኛችሁት አትጩኹ። ፈጥናችሁ አንሱትና ጥጉ ላይ አድርሱት። እዚያ ከጨረሰ ሸልሙት። ካደረገ በኋላ ከደረሳችሁ ደግሞ ለሱ የምትነግሩት ነገር የለም፣ አጽዱና እለፉ።

9. ዓይነ ምድሩን በየቀኑ በአካፋ አንስታችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩት። ጎመን መደብ ላይ፣ ኮምፖስት ውስጥም አይገባም። ከዚያ እጅ በሳሙና ይታጠብ፣ የልጆቹም ጭምር።

ብዙ ቡችላ በዚህ መንገድ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ሙሉ በሙሉ እስኪያስተማምን ግን 6 ወር እስኪሞላው ሊቆይ ይችላል። አንድ ቀን ቢያበላሽ «ረሳው» ብላችሁ ወደ ዱላ አትመለሱ። አንድ ቀን የተመታ ቡችላ የብዙ ቀን ልፋታችሁን ያፈርሰዋል።

ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

ሁሉም የልምምድ ጉዳይ አይደለም። ደም ያለበት ወይም እንደ ውሃ የሆነ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ ሽንት ጠብ ጠብ እያደረገ መቸገር፣ ወይም ሆዱ ተነፍቶ ፀጉሩ መቆም ከታየበት ታሟል። እንዲህ ያለውን ቡችላ ያለ ሐኪም ማለማመድ አይቻልም። ፓርቮ የሚባለው የቡችላ በሽታ በቀናት ውስጥ ይገድላል፣ ቶሎ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ውሰዱት።

የትል መድኃኒቱንም እዚያው ጠይቁ። ቡችላ ከተወለደ ከ2 ሳምንት ጀምሮ እስከ 2 ወሩ በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወሩ በየወሩ ለወስፋት መታከም ይገባዋል። ለኮሶ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። መጠኑ በኪሎው ነው፣ የሚወስነውም ባለሙያ ነው። ለከብትና ለበግ የተገዛ አይቨርሜክቲን በግምት አትውጉት፣ መጠኑ ካለፈ ውሻ ይገድላል። የታረደ በግ ጭንቅላት፣ ውሃ የቋጠረ ሳምባና ጉበትም ለውሻ አይጣል። ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ይቀበር።

3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባት ይከተብ፣ ከዚያም በየዓመቱ። መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት፣ የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ ቀን ነው። ለማስታወስ ይቀላልና በዚያ ሰሞን የክትባት ካርዳችሁን ተመልከቱ። ውሻ ሰው ከነከሰ ቁስሉ ወዲያው በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን።

በመጨረሻ

«ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን። ከእኛ የምንፈልገውም ይሄንኑ ነው፤ ሌሊት እንዲነቃ፣ ሌባና ጅብ ሲመጣ ደጅ ወጥቶ እንዲጮህ። ደጅን እንዲፈራ አድርገን ካሳደግነው ግን ሌሊት ማን ይወጣል? ዱላ ያየ ቁጥር መደብ ሥር የሚገባ ውሻ በግ አይጠብቅም።

ስለዚህ ከዛሬ ማታ ጀምሩ። ዱላውን ግድግዳው ላይ ስቀሉት። ቡችላውን ታቅፋችሁ ውጡ፣ ጥጉን አሳዩት፣ አጠገቡ ቁሙ። ነገ ጠዋት ደግሞ ምግቡን ደፉ ላይ አድርጉለት። ስማርት ስልክ ለሌለው ጎረቤታችሁም አንብቡለት፣ በተለይ ቡችላ ይዞ ወደ ወንዝ ሲሄድ ካያችሁት።